ዝናብ የማይለየው ጫካ ውስጥ መሮጥ፦ ለቫንኩቨር ኖርዝ ሾር ጀማሪዎች

«ጫካ ውስጥ መሮጥ ልጀምር ነው፣ የትኛውን ጫማ ልግዛ?»

ይህን ጥያቄ በወር ሦስት አራት ጊዜ እጠየቃለሁ። ጠያቂው ብዙውን ጊዜ አስፋልት ላይ ጎበዝ የሆነ ሰው ነው፤ አሥር ኪሎ ሜትር ለእሱ ምንም አይደለም። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ስመልስ ደከመኝና አንዴ ልጻፈው አልኩ።

ስለ ጫማው እነግራችኋለሁ። ግን ጥያቄው ትንሽ ቦታ ስቷል። እዚህ ጫካ ውስጥ ሰው ክፉኛ የሚጎዳው ሲሮጥ ሳይሆን ሲቆም ነው። እየሮጣችሁ እስካላችሁ ድረስ ሰውነታችሁ ምድጃ ነው፤ ዝናቡም ብርዱም ብዙ አይሰማችሁም። እግራችሁ ወለም ካለ ወይም መንገድ ከጠፋችሁ ግን ምድጃው ይጠፋል። በላብና በዝናብ የራሰ ልብስ ለብሳችሁ፣ 5 ዲግሪ ውስጥ ቆማችሁ ትቀራላችሁ። ስለዚህ ከታች ያለውን ሁሉ «ብቆምስ?» እያላችሁ አንብቡት።

የቦታውን ጠባይ በአጭሩ። ኖርዝ ሾር ማለት ካናዳ ውስጥ፣ ከቫንኩቨር ከተማ በባሕር ማዶ ያለው ተራራማው ዳርቻ ነው። ቫንኩቨር አውሮፕላን ማረፊያ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ያገኛል። ከባሕሩ ማዶ ያለው የተራሮቹ ግርጌ ደግሞ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ከፓስፊክ የመጣው እርጥብ አየር ተራራው ሲገጥመው ወደ ላይ ይወጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ ያወርደዋል። ዳውንታውን (መሃል ከተማው) ካፊያ ከሆነ ተራራው ግርጌ ያለው ሊን ቫሊ ዶፍ ሊሆን ይችላል። ዝናቡ ካቆመ በኋላም ዛፎቹ ለረጅም ጊዜ ያንጠባጥባሉ። ከቤት መስኮት አይቶ መልበስ እዚህ አይሠራም።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- የጫካ ሩጫ ጫማ። የሶሉ ጥርስ ከ4 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ይሁን። ጥርሱ የሚጠቅመው ለጭቃ ነው። እርጥብ ድንጋይ ላይ የሚይዘው ግን የጎማው ልስላሴ ነው። ሱቅ ውስጥ ሶሉን በጥፍራችሁ ጫን በሉት፤ እንደ ፕላስቲክ ድርቅ ካለ መልሱት። ውኃ የማያስገባ የሚባለውን ዓይነት ለዝናብ ሩጫ አልመክርም። ውኃው በቁርጭምጭሚት በኩል ከላይ ይገባል፣ ከገባ በኋላ ደግሞ መውጫ የለውም። እግራችሁ መርጠቡ አይቀርም፤ የሚሻለው ውኃውን ቶሎ የሚተፋ ጫማ ነው።
- ቀጭን የሱፍ ካልሲ። ሱፍ ረጥቦም ቢሆን ያሞቃል። ጥጥ ግን ውኃ ይይዝና እግር ላይ ውኃ ያስቋጥራል።
- ኮፍያ ያለውና ስፌቱ የታሸገ የዝናብ ጃኬት።
- አንድ ደረቅ ሙቅ ልብስ፣ በላስቲክ የታሸገ። ይህ ለሩጫ አይደለም። ለመቆም ነው። ቦርሳ ውስጥ ሳይነካ አሥር ጊዜ ደርሶ ቢመለስ ትክክል ነው።
- ስስ ኮፍያና ጓንት። ጣት ከደነዘዘ ዚፕ መክፈት አይቻልም።
- የራስ ባትሪ፣ ብርሃኑ 200 ሉመን (የብርሃን መለኪያ) ወይም ከዚያ በላይ። ጠዋት ብትወጡም ያዙት።
- ሙሉ ቻርጅ ያለው ስልክ፣ ዚፕ ባለው ላስቲክ ውስጥ፣ ከትንሽ ደረቅ ጨርቅ ጋር። የጨርቁን ምክንያት ወደ ታች ታገኙታላችሁ። ከአንድ ሰዓት በላይ ለሚቆይ ሩጫ ትንሽ ፓወር ባንክ ጨምሩ፤ ብርድ ባትሪ ይጨርሳል።
- ፊሽካ። አንዳንድ የሩጫ ቦርሳዎች የደረት ማሰሪያቸው ላይ አላቸው።
- ብርማው የአደጋ ጊዜ ብርድ ልብስ። ታጥፎ ከኪስ ቦርሳ አይበልጥም።
- ግማሽ ሊትር ውኃ፣ የሚበላ ነገር፣ አንድ የሚለጠጥ ፋሻ።

ይህ ሁሉ ደረት ላይ በሚታሰር ትንሽ የሩጫ ቦርሳ ውስጥ ይገባል፣ ሁለት ኪሎ እንኳ አይሞላም። «ለአምስት ኪሎ ሜትር ይህ ሁሉ?» የሚል አይጠፋም። አዎ፣ ይህ ሁሉ። የአምስት ኪሎ ሜትር መሃል ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ነው። በተጣመመ እግር ከዚያ አንክሶ ለመውጣት ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል።

ደረጃ 1፦ ለልካችሁ የሚሆን ጫካ ምረጡ

በቀጥታ ተራራ ላይ አትውጡ። በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ።

ሀ. ፓስፊክ ስፒሪት ፓርክ፣ ዩቢሲ (የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ) አጠገብ። ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ አለው፣ አብዛኛው ለጥ ያለ ነው። ብትጠፉም ብዙ ሳትሄዱ አስፋልት ላይ ትወጣላችሁ። ሦስት አራት ጊዜ እዚህ ሩጡና እግራችሁ ያልተስተካከለ መሬት ይልመድ።

ለ. ራይስ ሌክ፣ ኖርዝ ቫንኩቨር። ሐይቁን መዞር 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያው አጠገብ 10 ኪሎ ሜትር የሚሆነው የሲሞር ቫሊ አስፋልት ይጀምራል። ጫካው ከከበዳችሁ አስፋልቱ ላይ መጨረስ ትችላላችሁ።

ሐ. ሊን ሉፕ፣ ሊን ሄድዋተርስ ፓርክ ውስጥ፣ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ። ዋናው ትምህርት ቤት ይህ ነው። ሥሩ፣ ድንጋዩ፣ ደረጃው፣ የእንጨት መሻገሪያው ሁሉ በትንሽ በትንሹ አለበት።

መ. ኖርቫን ፎልስ፣ ከዚያው ፓርክ፣ ደርሶ መልስ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ። ሊን ሉፕን ያለ ጭንቀት መሮጥ ስትችሉ ብቻ።

ሠ. ቤደን ፓውል ትሬይል፣ ከሆርስሹ ቤይ እስከ ዲፕ ኮቭ 48 ኪሎ ሜትር ያህል። በቁራጭ በቁራጩ ሩጡት። ከዲፕ ኮቭ ወደ ኳሪ ሮክ የሚወስደው ጫፍ ደርሶ መልስ 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቅዳሜና እሁድ ግን ሰው ስለሚበዛበት በሥራ ቀን ወይም በማለዳ ይሻላል።

መኪና የሌላችሁ አትጨነቁ። ከዋተርፍሮንት ጣቢያ ሲባስ የምትባለው ጀልባ 12 ደቂቃ ገደማ ፈጅታ ሎንስዴል ኪይ ታደርሳችኋለች፤ ከዚያ ወደ ሊን ቫሊ አውቶቡስ አለ። መኪና ያላችሁ ደግሞ የፓርኩ በር የሚዘጋበትን ሰዓት መግቢያው ላይ አንብቡ። ሰዓቱ እንደ ወቅቱ ይቀያየራል፤ ካለፈ መኪናችሁ ውስጥ ተቆልፎ ያድራል።

ግራውስ ግራይንድን ለምን አልጠቀስክም የሚል ይኖራል። 2.5 ኪሎ ሜትር ላይ 800 ሜትር ገደማ ሽቅብ የሚወጣ ደረጃ ነው እንጂ የሩጫ መንገድ አይደለም። በዚያ ላይ በእግር ወደ ታች መውረድ አይፈቀድም፤ የምትመለሱት ትኬት ከፍላችሁ በጎንዶላ ነው።

ደረጃ 2፦ አየሩንና የቀኑን ርዝመት አንድ ላይ ተመልከቱ

ሦስት ነገር እዩ፦ ዝናብ፣ ነፋስ፣ የፀሐይ መጥለቂያ ሰዓት።

ዝናብ ብቻውን ቅር አይበላችሁ። ዝናብ ሲዘንብ አልወጣም ካላችሁ ከኖቬምበር እስከ ጃንዋሪ ቤት ልትከርሙ ነው። ኃይለኛ ዝናብ ለተከታታይ ቀናት ከዘነበ ግን ጅረቶቹ በሰዓታት ውስጥ ይሞላሉ። ትናንት በድንጋይ የተሻገራችሁት ቦታ ዛሬ ጉልበት ይደርሳል። እንዲህ ባለ ቀን ድልድይ የሌለው መሻገሪያ ያለበትን መንገድ ተዉት።

ነፋስ የበለጠ ያስፈራኛል። እዚህ የሚበዙት ሄምሎክና ቀይ ሴዳር የሚባሉት ዛፎች ትልልቅ ናቸው፣ ሥራቸው ግን በአብዛኛው ጥልቅ አይደለም፣ ወደ ጎን ነው የሚዘረጋው። አፈሩ ውኃ ጠጥቶ ሲላላ ነፋስ ይገነድሳቸዋል። የነፋስ ማስጠንቀቂያ ካለ ያን ቀን አስፋልት ላይ ሩጡ። ውይይት የለውም።

የቀኑ ርዝመት ከኢትዮጵያ የመጣ ሰውን የሚሸውድ ነገር ነው። እኛ ዓመቱን ሙሉ ወደ 12 ሰዓት የሚጠጋ ብርሃን ነው የለመድነው። እዚህ በዲሴምበር መጨረሻ ቀኑ 8 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው፤ በጁን ደግሞ ከ16 ሰዓት ያልፋል። ጫካው ጣሪያ ስላለው ውስጡ ከውጭ ቀድሞ ይጨልማል። ስለዚህ ፀሐይ ከመጥለቋ ከአንድ ሰዓት በፊት መኪናችሁ ወይም አውቶቡስ ፌርማታችሁ ጋ ለመድረስ አስሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ ከተማ ውስጥ ዝናብ ከሆነ ተራራው ላይ በረዶ ሊሆን ይችላል። ከፍ ያሉት የቤደን ፓውል ክፍሎች፣ በተለይ ሳይፕረስ ተራራ አካባቢ፣ እስከ ጁን ድረስ በረዶ ሊኖርባቸው ይችላል። ጫማ ላይ የሚጠለቅ የብረት ጥርስ ከሌላችሁ ወደዚያ አትውጡ።

ደረጃ 3፦ ለአንድ ሰው ጻፉ

ከመውጣታችሁ በፊት ለአንድ ሰው በጽሑፍ ላኩ፦ የት እንደምትሮጡ፣ በየትኛው መንገድ፣ ስንት ሰዓት እንደምትመለሱ፣ ስንት ሰዓት ላይ ካልደወላችሁ 911 እንዲደውል። በቃል መናገር አይበቃም። ሰው ሲደነግጥ የመንገድ ስም አያስታውስም።

ሰዓቱን በፈረንጅ ጻፉና ከጎኑ «በፈረንጅ» በሉ። «4 ሰዓት እመለሳለሁ» ብላችሁ ለአክስታችሁ ብትልኩላት እሷ ረፋዱ ላይ ትጠብቃችኋለች ወይም እስከ ማታው 4 ሰዓት ምንም ሳትጨነቅ ትቀመጣለች። ሳቅ የሚያመጣ ነገር ይመስላል፤ ፈላጊ ቡድን የሚጠራበትን ሰዓት ግን ስድስት ሰዓት ያዛንፈዋል።

ደረጃ 4፦ ስትነሱ ትንሽ እንዲበርዳችሁ ልበሱ

መኪናው ጋ ቆማችሁ ሙቀት ከተሰማችሁ ብዙ ለብሳችኋል። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ከውስጥ በላብ ትርሳላችሁ። ላብ ሆነ ዝናብ፣ ስትቆሙ ብርዱ ያው ነው።

ከሥጋችሁ ጋር የሚነካካው ልብስ ስስ ሱፍ ወይም ፖሊስተር ይሁን። ጥጥ በፍጹም አይሆንም፤ ቲሸርትም፣ የውስጥ ሱሪም፣ ሁዲም። ይህን የማውቀው ከመጽሐፍ አይደለም። የመጀመሪያው ዓመት ላይ በጥጥ ሁዲ ኖርቫን ፎልስ ድረስ ሮጥኩ። ስሄድ ደስ ይል ነበር። ፏፏቴው ጋ ቆሜ ፎቶ አነሳሁ፣ አረፍ አልኩ፤ ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም። ለመነሳት ስል ሁዲው ውኃ የጠጣ ፎጣ ሆኖ ጀርባዬ ላይ ተለጥፏል። የያዝኩትን ብስኩት ለመክፈት ጣቶቼ እሺ አላሉኝም። በጥርሴ ቀደድኩት። ስልክ ላውጣ ብል ስክሪኑ እርጥብ ጣት አልቀበልም አለ፤ የምጠርግበት ደረቅ ነገር ደግሞ ገላዬ ላይ አንድም አልነበረም። ለዚህ ነው ስልኩ ካለበት ላስቲክ ውስጥ ጨርቅ ጨምሩ ያልኳችሁ። የዳንኩት ሰባት ኪሎ ሜትሩን ሳልቆም በመመለሴ ነው። ያኔ እግሬ ወለም ብሎ ቢሆንስ?

የሚፋተግ ቦታ ሁሉ ላይ ቫዝሊን ቀቡ። እርጥብ ልብስ ከደረቅ ይልቅ ይልጣል።

ደረጃ 5፦ ካርታውን ከቤት አውርዱ

ከሸለቆው ገባ ስትሉ ኔትወርክ ይጠፋል። ስለዚህ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ የመንገድ ካርታ ቤት እያላችሁ ስልካችሁ ላይ አውርዱ፣ ከዚያ ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጋችሁ መከፈቱን ሞክሩት። ይህን ሙከራ የሚዘልል ሰው ብዙ ነው፤ ጫካ ገብቶ ባዶ ስክሪን ያያል።

ጂፒኤስ እዚህ ትንሽ ይዋሻል። ረጃጅሞቹ ዛፎችና የሸለቆው ግድግዳ ሲግናሉን ይጋርዱታል፣ ነጥቡ ከመንገድ ወጣ ብሎ ሊታይ ይችላል። ነጥቡን ብቻ አትመኑ፤ መገናኛ ላይ ያለውን ምልክት አንብቡ። ቤደን ፓውል ላይ ዛፍ ላይ የተቸነከሩ ብርቱካናማ ሦስት ማዕዘኖች አሉ። ለጥቂት ደቂቃ አንድም ካላያችሁ የመጨረሻውን ወዳያችሁበት ተመለሱ።

ደረጃ 6፦ አሯሯጡ

ይህ ክፍል ረዘም ይላል፤ መውደቅ የሚጀምረው እዚህ ነው።

በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሰዓት ሩጡ። አስፋልት ላይ 5 ደቂቃ የሚፈጅባችሁ ኪሎ ሜትር እዚህ 8 ወይም 10 ሊሆን ይችላል። ሰዓታችሁን አይታችሁ አትናደዱ። «ዛሬ 50 ደቂቃ» ብላችሁ ውጡ።

እርምጃችሁን አሳጥሩ። ረጅም እርምጃ ክብደታችሁን ከእግራችሁ ኋላ ያስቀረዋል፤ ተረከዝ ሲንሸራተት መያዣ የለም። አጭርና ፈጣን እርምጃ ላይ ግን አንዱ እግር ቢንሸራተት ሌላው ደርሷል።

ዓይናችሁ ከፊታችሁ ሦስት አራት ሜትር ይይ። ጣታችሁን ካያችሁ ውሳኔ የምትወስኑበት ጊዜ አይኖርም። ራቅ ብላችሁ እዩና እግራችሁ ያየውን እንዲያስታውስ ተዉት። ውብ ነገር ማየት ካማራችሁ ቁሙና እዩ። እየሮጡ ሽቅብ ሴዳር ማየት በአፍንጫ መሬት መሳም ነው።

ሥር ላይ አትርገጡ፣ ተሻገሩት። እዚህ ጋ ዝቅ ብላችሁ ተመልከቱ። የሴዳር ሥር መንገዱን አቋርጦ ያልፋል። ብዙ ሰው የረገጠው ሥር ልጡ ተልጦ ውስጡ ይወጣል፤ ቀይ ቡናማ ይሆንና እንደ ተወለወለ ወንበር ያብረቀርቃል። ያ ማብረቅረቅ ነው ምልክቱ። ልጥ ያለው ሥር ትንሽ ይይዛል፣ የሚያብረቀርቀው ሳሙና ነው። ከሁሉም የከፋው በሰያፍ የተኛው ነው፦ እግራችሁ ሲነካው ወደ ቁልቁለቱ ይወስዳችኋል። የግድ መርገጥ ካለባችሁ እግራችሁን በቀጥታ ከላይ አሳርፉ፣ ክብደት ሳትጥሉ እለፉት፣ ሥሩ ላይ አትገፍትሩ።

የእንጨት መሻገሪያ ላይ ተራመዱ። ጎማ እርጥብ ሳንቃ ላይ አይይዝም፤ ውድም ሆነ ርካሽ ጫማ ያው ነው። አንዳንዱ ሳንቃ ላይ ሽቦ ወይም ሸካራ ነገር ይመታበታል። ከሌለው እግራችሁን ሙሉ በሙሉ ጠፍጣፋ አድርጋችሁ ቀጥ ብላችሁ ተራመዱ። እላዩ ላይ አትጠምዘዙ፣ ፍሬን አትያዙ። ፍጥነታችሁን የምትቀንሱት ከመድረሳችሁ በፊት ነው።

ጭቃና ኩሬ መሃል ለመሃል እለፉ። ጫማችሁ አስቀድሞ ረጥቧል፣ ምን ቀረው? ጠርዙ ብዙ ጊዜ ያዘመመና ይበልጥ የሚያንሸራትት ነው። ደግሞ ሁሉም ሰው በጎን ሲያልፍ መንገዱ ይሰፋል፣ ፈርን የሚባለው ተክል ይረገጣል፣ የዛፉ ሥር ይራቆታል።

ቁልቁለት ላይ ወደ ኋላ አትለጠጡ። ፍርሃት ወደ ኋላ ይጎትታል፤ ወደ ኋላ ስትለጠጡ ደግሞ ተረከዛችሁ ነው የሚያርፈው፣ እሱም ይሄዳል። ከወገባችሁ ሳይሆን ከቁርጭምጭሚታችሁ ትንሽ ወደ ፊት ዘመም በሉ፣ ጉልበታችሁን ለቀቅ አድርጉ፣ እጃችሁን እንደ ዶሮ ክንፍ ዘርጉ። መልክ አትጨነቁ። ማንም አያያችሁም።

ዳገቱን ተራመዱት። አስፋልት ሯጮች ይህን እንደ ሽንፈት ያዩታል። እዚህ ከእናንተ በእጥፍ የሚፈጥኑ ሰዎችም ቀጥ ያለ ዳገት በእግር ነው የሚወጡት፤ መሮጡ የሚያተርፈው ላብ ብቻ ነው።

በራስ ባትሪ ስትሮጡ ጭጋግ ወይም ካፊያ ካለ ብርሃኑ ተመልሶ ዓይናችሁ ላይ ይበራል። ባትሪውን ከግንባራችሁ አውልቁና በእጃችሁ ወገባችሁ አካባቢ ያዙት። ጭጋጉ ይገለጣል፣ የሥሮቹም ጥላ ይወጣል።

ደረጃ 7፦ ጫካው የእናንተ ብቻ አይደለም

ጥቁር ድብ አለ። አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ ሰምቷችሁ ይሄዳል፤ ችግሩ ጅረት ሲጮህና እናንተ በፍጥነት መታጠፊያ ስትዞሩ መገጣጠም ነው። ዕይታ የሚጋርድ መታጠፊያ ጋ ስትደርሱ ድምፅ አሰሙ። «ሄይ!» ይበቃል፤ እኔ በአማርኛ ነው የምጮኸው፣ ድቡ አላማረረም። የጆሮ ማዳመጫ አውልቁ።

ድብ ካያችሁ አትሩጡ። ቁሙ፣ በረጋ ድምፅ አናግሩት፣ ፊታችሁን ሳታዞሩ ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ ተመለሱ፣ የሚሄድበት መንገድ ስጡት። የተራራ አንበሳ ማየት ብርቅ ነው። ካያችሁ ግን ዓይኑን እያያችሁ እጃችሁን አንሥታችሁ ትልቅ ምሰሉ፣ ጩኹ፣ ጀርባ አትስጡ፤ ካጠቃችሁ ታገሉት። የሚሮጥ ነገር ለእሱ ታዳኝ ነው።

በእውነቱ ከድብ ይልቅ የሚያጋጥማችሁ ብስክሌት ነው። ፍሮም እና ሲሞር ተራሮች ላይ ለብስክሌት የተሠሩ ቁልቁለቶች አሉ። መግቢያው ላይ ያለውን ምልክት እዩ፤ የብስክሌት ብቻ ከሆነ አትግቡ። ከላይ በፍጥነት የሚመጣው ሰው ሊያያችሁ አይችልም።

በኦገስት መጨረሻ ደግሞ መሬት ውስጥ ጎጆ የሚሠሩ ተርቦች ይቆጣሉ። ከተነደፋችሁ አትቁሙ፣ ሮጣችሁ ራቁ። በንድፊያ የሚያብጥ ሰው መድኃኒቱን ይያዝ።

ደረጃ 8፦ የመመለሻ ሰዓት ወስኑና አክብሩት

ሁለት ሰዓት ካላችሁ ከ50ኛው ደቂቃ በኋላ ተመለሱ፣ የትም ብትሆኑ። ፏፏቴው «እዚያ ጋ ነው» ቢባልም። መመለሻው ይረዝማል፦ ደክሟችኋል፣ ጨልሟል፣ እርጥቡ ሥርም አልደረቀም። መንቀጥቀጥ ከጀመራችሁ ወይም ከንፈራችሁ ቃል ማውጣት ካስቸገረው ሰዓቱን አትጠብቁ። ወዲያው ደረቁን ልብስ ልበሱ፣ ጃኬቱን ከላይ ደርቡ፣ ብሉ፣ ወደ መውጫው ተንቀሳቀሱ።

ደረጃ 9፦ አንድ ነገር ቢፈጠር

1. መጀመሪያ ልበሱ። እግሩን ከማየታችሁ በፊት፣ ስልክ ከመደወላችሁ በፊት። ሙቀታችሁ ገና ሳይሄድ ደረቁን ልብስ፣ ኮፍያውን፣ ጓንቱን አድርጉ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ጣታችሁ አይታዘዝም።
2. ከመሬት ተለዩ። ቦርሳችሁ ላይ ተቀመጡ፣ ብርማውን ብርድ ልብስ ጠቅልሉ። እርጥብ መሬት ሙቀት ይመጥጣል።
3. 911 ደውሉ። የራሳችሁ ኔትወርክ ባይኖርም ስልኩ በሌላ ድርጅት ኔትወርክ ሊያገናኛችሁ ይችላል። ካልሆነ ለዚያ ለጻፋችሁለት ሰው አጭር የጽሑፍ መልእክት ላኩ፤ ጥሪ በማያልፍበት ደካማ ሲግናል መልእክት ሊያልፍ ይችላል።
4. ፊሽካ ሦስት ጊዜ ንፉ፣ አረፍ በሉ፣ ድገሙ።
5. ባላችሁበት ቆዩ።

ገንዘብ ፈርቶ የማይደውል ሰው አለ። ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ የፍለጋና ነፍስ አድን አገልግሎት ክፍያ አይጠየቅበትም። እዚህ የሚመጡት የኖርዝ ሾር ሬስኪው በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ሄሊኮፕተር ቢያስፈልግም ሂሳብ አይልኩም። አምቡላንስ ለብቻው ክፍያ አለው፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ከመጨለሙ በፊት መደወል ለእናንተም ለእነሱም ይቀላል።

ከባድ ማስጠንቀቂያ፦ ከጠፋችሁ ቁልቁል አትውረዱ። ከላይ ሆናችሁ የከተማው መብራት ቅርብ ይመስላል፤ «ጅረቱን ተከትዬ ብወርድ ሊን ቫሊ እወጣለሁ» ያሰኛል። የዚህ ተራራ ጅረቶች ግን በገደልና በፏፏቴ ነው የሚወርዱት። ትወርዳላችሁ፣ አንድ ቦታ ላይ መውረድም መውጣትም የማይቻል ግድግዳ ይገጥማችኋል፣ እዚያ ደግሞ ሄሊኮፕተርም አያያችሁም። የመጣችሁበትን መንገድ ሽቅብ ተመለሱ፣ ካልሆነ ቁሙ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው

- ሊን ካንየን በሚባለው የወንዝ ገደል ላይ ሙቀት ሲሆን ውኃው ውስጥ መዝለል። ውኃው በበጋም ቀዝቃዛ ነው፣ ከሥሩ የሚስብ ሞገድና የማይታይ ድንጋይ አለው። ሰዎች ሞተውበታል። እግራችሁን ማቀዝቀዝ ካማራችሁ ረጋ ያለ ዳር ፈልጉ።
- ከጅረት መጠጣት። ንጹሕ ይመስላል። ጃርዲያ ግን በዓይን አይታይም፤ አንጀታችሁን ለሳምንታት ያምሰዋል።
- አዲስ ጫማ ለመጀመሪያ ጊዜ በረጅም ሩጫ መሞከር። ረጥቦ እንዴት እንደሚሆን በ30 ደቂቃ ሩጫ ፈትሹት።
- ፈጣኑን ሰው ፊት ማድረግ። በቡድን ስትሮጡ ቀርፋፋው ይምራ። አለበለዚያ ፈጣኖቹ መገናኛው ላይ ቆመው ይቀዘቅዛሉ፣ ኋላ የቀረው ደግሞ ሳያርፍ ይቀጥላል።
- ጃኬቱን ከረጠቡ በኋላ መልበስ። ካፊያው ሲጠና ሳይሆን ሲጀምር ልበሱ።

ደረጃ 10፦ ከጫካ ስትወጡ

መጀመሪያ መመለሳችሁን ለጻፋችሁለት ሰው ላኩ። ከዚያ መኪና ውስጥ ወይም ፌርማታ ላይ የላይኛውን ልብስ ቀይሩ፤ ብርዱ የሚገባው ከሩጫው በኋላ ባሉት 15 ደቂቃዎች ነው። ለዚህ የሚሆን ደረቅ ቲሸርትና ካልሲ በላስቲክ ይዛችሁ ኑ።

ቤት ስትገቡ ከጉልበት ጀርባና ከካልሲ ጠርዝ ጀምራችሁ መዥገር ፈልጉ፣ በተለይ በእዚህ አገር ፀደይ (ከማርች እስከ ጁን)። ተጣብቆ ካገኛችሁት በወረንጦ ከቆዳችሁ ጋር አስጠግታችሁ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት፤ አትጠምዝዙት፣ ቅቤም አትቀቡት።

ጫማውን በቀዝቃዛ ውኃ እጠቡ፣ የውስጡን ሶል አውጡና ጫማውን በጋዜጣ ሙሉት። ከሁለት ሰዓት በኋላ ጋዜጣውን ቀይሩ። ማሞቂያ ላይ አታስቀምጡት፤ ሙጫው ይለቅና ሶሉ ከፊት ጀምሮ እንደ አዞ አፍ ይከፈታል። የኔ ሁለት ጫማ እንደዚያ ነው የሄደው።